“የዛሬ መርፌ ቀዳዳ የለውም”

ዛሬ እንደወትሮው የአንድ በሽታ ምልክትና ሕክምና በመዘርዘር አልጀምርም። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከእናቴ ጋር እንዴት እንደዋልኩ ላጫውታችሁ። ሐኪምም ልጅም ሆኜ ሳላየው የቆየሁት ነገር ስላለ፣ እናንተን ቤት ውስጥ እንዳያልፋችሁ ብዬ ነው።

የወንድሜ ልጅ ክርስትና ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ሴት በመሆኗ በ80 ቀኗ ነው የምትነሳው። እማዬ የሕፃኗን ነጭ ቀሚስ ጠርዝ ራሷ ልትጠልፍ ቃል ገብታለች። ጠዋት ስደርስ ጨርቁ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በክቡ እንጨት ተወጥሯል። ክሮቹም በየቀለማቸው ተለይተዋል። ጥልፉ ግን አልተጀመረም።

“ነይ እስቲ ይቺን ክር አስገቢልኝ። የዛሬ መርፌ ቀዳዳ የለውም” አለችኝ።

ስቄ አስገባሁላት። ሌላ መርፌ ሰጠችኝ፣ ከዚያም ሌላ። በስድስት መርፌ ክር አስገብቼ ትራሷ ላይ ሰካሁላት። ስድስት መርፌ ለምን እንዳስፈለጋት ግን አልጠየቅኋትም።

አረንጓዴው ክር አልበቃ ስላለ ናሙናውን ይዤ መርካቶ ወረድኩ። በዚያው የደም ግፊት መድኃኒቷን እንድገዛ አዘዘችኝ። “የእኔ ሰማያዊው ነው፣ ሌላ እንዳይሰጡሽ” ብላ አስጠነቀቀችኝ። ክሩን ካገኘሁ በኋላ ፋርማሲ ገባሁ። ሰማያዊው ፓኬት አልነበረም። ያው መድኃኒት፣ ያው ሚሊግራም፣ ሌላ ፋብሪካ ያመረተው ቢጫ ፓኬት ነበርና እሱን ገዛሁ።

ስመለስ እማዬ በረንዳ ላይ ከእርግቦቿ ጋር ነበረች። ከአበባው ጣሳ ጀርባ ጎጆ ሠርተዋል። በየቀኑ ትጎበኛቸዋለች፣ ጥቂት ስንዴም ትበትንላቸዋለች። ኩሳቸውን ስትጠርግ መጀመሪያ ውኃ ትረጭበታለች። እናንተም እንደዚሁ አድርጉ። ደረቁን ከጠረጋችሁት ብናኙ ሳንባን ሊጎዳ ይችላል። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ከጠረጋችሁ በኋላም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

“ያቺን አየሻት? እግሯ ላይ ክር ተጠምጥሞባታል” አለችኝ፣ በረንዳው ጫፍ ላይ ወደቆመችው እያሳየች። እኔ አላየሁትም ነበር። ጠጋ ብዬ ሳይ እውነትም አንድ ቀጭን ክር አለ።

ከዚያ መድኃኒቱን ሰጠኋት። ገና ቀለሙን ስታይ “ይሄማ የእኔ አይደለም! ባለፈውም ወንድምሽ ይህንኑ አምጥቶልኝ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት” አለች።

“ጽሑፉን አላነበብሽውም?”

ፓኬቱን ክንዷን ዘርግታ አራቀችው፣ ቀረብ አደረገችው፣ መልሳ አራቀችው። ከዚያ ዝም ብላ ሰጠችኝ። ያኔ ነው የገባኝ። እርግቧ እግር ላይ ያለውን ክር ከሩቅ የምታይ ሴት በእጇ የያዘችውን ጽሑፍ ማንበብ አትችልም! መሳቢያውን ስከፍት ወንድሜ ያመጣው ፓኬት አልተነካም። ሰማያዊው ካለቀ 11 ቀን ሆኖታል። ግፊቷን ስለካው 170 በ100 ነበር።

አልተቆጣኋትም። የምቆጣው በራሴ ነበር። መድኃኒቷን በዚያው ቀን በተለመደው መጠን ጀመረች። ያመለጠውን ለማካካስ ደርቦ መውሰድ አደገኛ ስለሆነ እናንተም እንዳታደርጉት። ሰኞ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። የዓይኗ ውስጥ ግፊትና ሬቲናዋ ደህና ናቸው። ችግሩ ፕሬስባዮፒያ ነው ተባለ።

ፕሬስባዮፒያ ምንድን ነው?

በዓይናችን ውስጥ ያለው ሌንስ ቅርብ ስናይ ቅርጹን ይለውጣል። ዕድሜ ሲጨምር እየጠነከረ ስለሚሄድ እንደ ልቡ መለወጥ ያቅተዋል። አብዛኛውን ጊዜ ከ40 ዓመት በኋላ ይታወቃል። የሩቁ ደህና ሆኖ የቅርቡ ይደበዝዛል። ስልክን አርቆ መያዝ፣ ለንባብ ብዙ ብርሃን መፈለግ፣ ካነበቡ በኋላ ራስ ምታት ዋና ዋና ምልክቶቹ ናቸው። በመነጽር በቀላሉ ይስተካከላል። “መነጽር ዓይን ያሰንፋል” የሚባለው ግን እውነት አይደለም። መነጽር ብታደርጉም ባታደርጉም ሌንሱ ከዕድሜ ጋር መጠንከሩን አይተውም።

ምን እናድርግ?

1. እናት ወይም አባታችሁ የሚወዱትን ሥራ፣ ጥልፍ ይሁን ዳንቴል ወይም መጽሐፍ ማንበብ፣ ከተዉ “ሰልችቷቸው ነው” ብላችሁ አትለፉት። ጠይቋቸው።

2. መድኃኒት በፓኬት ቀለም አይለይም። ስሙንና ሚሊግራሙን በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉላቸው።

3. ወላጆች ሆይ፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል! ለልጃችሁ ሽሮፕ ስትለኩ የሚሊ ሊትሩን መስመር በደንብ ካላያችሁት በግምት አትስጡ። ልጁን የምትጠብቀው አያት ከሆነች መስመሩን ማየቷን አረጋግጡ።

4. መንገድ ላይ የሚሸጥ መነጽር ለንባብ ሊረዳ ይችላል፣ ነገር ግን ምርመራን አይተካም። ግላኮማ ሳያም፣ ሳያስታውቅ ዓይንን ሊያጠፋ ይችላል። ከ40 ዓመት በላይ ከሆናችሁ ዓይናችሁን ተመርመሩ። የስኳር ሕመም ያለባችሁ ደግሞ በየዓመቱ።

5. እይታ በድንገት ከጠፋ፣ እንደ መጋረጃ ከከለለ፣ ብልጭታ ከታየ፣ ወይም ዓይን ከቀላና አጥብቆ ካመመ “ዕድሜ ነው” ብላችሁ አትጠብቁ። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

6. መርፌ ከጥልፍ በፊትና በኋላ ቁጠሩ። ዓይኑ የደከመ ሰው የወደቀ መርፌ አያይም፣ የሚድኽ ሕፃን ግን ያገኘዋል።

እማዬ መነጽሯን ባደረገች ማግስት ደወለችልኝ። “ቀዳዳው ተመልሷል” አለች። ቀሚሱ ለክርስትናው ደርሷል። ግፊቷም ወርዷል። አሁን የተረፈ ክር በረንዳ ላይ አትጥልም፣ በቆርቆሮ ታጠራቅመዋለች። የእርግቧ ነገር ከንክኗታል።

ዛሬ ወደ ቤት ስትገቡ ለወላጆቻችሁ መርፌና ክር ስጧቸውና አብራችሁ ሞክሩ። ይህን ጽሑፍ ለሌሎች ቤተሰቦች በማካፈል ተባበሩን።

መልካም ጤና!