በሌላ ሰው ልክ የተበሳ ኳስ

ከምርጫና ከፓርቲ ወግ ለአንድ ቀን ላሳርፋችሁ። ዛሬ የማወጋችሁ እዚህ አሜሪካ ቅዳሜ ማታ ስለምጫወተው ቦውሊንግ ነው።

የቦውሊንግ ሌን ከመወርወሪያው መስመር እስከ መጀመሪያዋ ፒን 60 ጫማ ይረዝማል። አብዛኛው ርዝመቱ በቀላሉ በማይታይ ዘይት ይቀባል። ዘይቱ ሲበዛ ኳሱ ወለሉን መያዝ ይሳነውና መታጠፍ ከሚገባው ቦታ ሳይታጠፍ ተንሸራቶ ያልፋል። የምንጫወትበት ሌን እንዲህ ያለ በመሆኑ፣ ለብዙ ዘይት የተሠራ፣ ገጹ ሻካራ የሆነ ባለ 15 ፓውንድ ኳስ ገዛሁ።

አዲስ ኳስ ቀዳዳ የለውም። የጣቶቹ ቀዳዳዎች የት ይበሱ የሚለው የገዢው ውሳኔ ነው። በኳሱ ሆድ ውስጥ ኮር የሚባል፣ ቅርጹ ድቡልቡል ያልሆነ ክብደት አለ። የቀዳዳዎቹ ቦታ የኮሩ ጫፍ ከወርዋሪው የመሽከርከሪያ ዘንግ ምን ያህል እንደሚርቅ ይወስናል። ርቀቱ 3⅜ ኢንች ሲሆን ኳሱ በየዙሩ ዘይት ያልነካው አዲስ ገጽ ለወለሉ ይሰጣል። ከዚያ በጣም ሲርቅ ወይም ሲቀርብ ግን በዚያው በዘይት በራሰ ገጹ ላይ ይመላለሳል።

ባለሙያው ዘንግህን ልለካ አለኝ። እኔ ግን አወራወሩን የማደንቀውን አንድ ሰው ጠቅሼ፣ «ቀዳዳዎቹን ልክ የእሱ ባሉበት ብሳልኝ» አልኩት። የሰውዬው የዘንግ ጫፍ ከመያዣው መካከል 4 ኢንች፣ የእኔ 5½ ኢንች ይርቅ ኖሯል። የእሱ 3⅜ በእኔ እጅ ወደ 5 ተጠጋ። ወራት ሙሉ ኳሴ ሲንሸራተት ዘይቱን፣ ሌኑን፣ ጫማዬን ሳይቀር ወቀስሁ። ቡድናችን በእኔ ምክንያት መጨረሻ ወጣ፤ ጓደኞቼ ምንም አለማለታቸው ከስድብ በላይ ከበደኝ።

ቀድሞ ቢሆን ጣት የማይገባበት ተጨማሪ ቀዳዳ በስቶ ማስታመም ይቻል ነበር። የዩናይትድ ስቴትስ ቦውሊንግ ኮንግረስ ግን ከኦገስት 1 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ከልክሏል። አሁን ያለው መንገድ ደፍኖ እንደገና መብሳት ነው።

የለመደ እጄ ወደ ፖለቲካው መሄዱ አልቀረም። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን ከጃፓኑ የ1889 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት ብዙ እንደወሰደ ይታወቃል፤ ከዚያም ወዲህ ከምሥራቅም ከምዕራብም ስንዋስ ኖረናል። መዋስ በራሱ ነውር አይደለም። እኔም ከሰውዬው 3⅜ን ብዋስ በበጀኝ ነበር፤ የተዋስሁት ግን የቀዳዳዎቹን ቦታ ነው። ልኩ የሚነሣው ከራስ ዘንግ መሆኑን ዘነጋሁ። አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ የሚለውን እየተረትሁ ያደግሁ ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ሳልለካ አስበሳሁ።

ባለፈው ሳምንት ባለሙያው ደጋግሞ አስወርውሮ ዘንጌን ለካ፤ ደፍኖም እንደገና በሳ። ኳሱ አሁን ይታጠፋል። እኔ አሁንም እስታለሁ፤ የማሳብብበት ዘይት ግን የለኝም።

ቸር ይግጠመን።