የቀነስኩት አንድ ማርክ



ከዓመታት በፊት ተማሪዎቼን «የደብረ ታቦርን ካርታ በእጃችሁ ሥሩ» አልኳቸው። አንዱ ልጅ ገበያውን፣ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንን፣ የወረታን መንገድ፣ ጋፋትን ሳይቀር አሳምሮ ሣለ። አውሮፕላን ማረፊያውን ግን ተወው። አንድ ማርክ ቀነስኩበት።

«ቲቸር፣ እኔ እኮ አውሮፕላን ሲያርፍበት አይቼ አላውቅም» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እውነቱን ለመናገር እኔም አይቼ አላውቅም።

አባቶቻችን ግን ያውቁታል። በዲሲ-3 ዘመን የኢትዮጵያ አየር መንገድ እንደ ደብረ ታቦር፣ ሞጣና መካነ ሰላም ያሉ ከተሞች ድረስ ይበር ነበር። ያ አውሮፕላን አስፋልት አምጡ አይልም፤ ሣር ሜዳ ይበቃዋል። ዛሬ መደበኛ በረራ የለንም። ዲቢቲ የሚለው ባለ ሦስት ፊደል መለያችን ግን አለ!

ባለፈው ክረምት እናቴ ታማ ሪፈር ተጻፈላት። ባሕር ዳር ድረስ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና፣ ራሷን ታፋዬ ላይ አድርጋ። «ደረስን?» ባለችኝ ቁጥር «ደረስን እኮ እማዬ» እላታለሁ፤ ገና ወረታ እንኳ አልገባንም። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ወደ አውሮፕላኑ የሄድንበት መንገድ ከበረራው ረዘመብን።

በመስኮት ቁልቁል እያየሁ ያ ልጅ ትዝ አለኝ። እሱ ያየውን ነበር የሣለው። እኔ ግን የሌለውን እንዳለ ቆጥሬ ቀጣሁት።

እናቴ ተሽሏታል፣ ተመስገን።

አንተ ልጅ፣ ይህን ካነበብክ አንድ ማርክህን መልሼልሃለሁ። አውሮፕላን ያረፈ ቀን ደግሞ ካርታውን አብረን እናስተካክላለን።