ኃያሉን ሽጉጥ ስለ ማለዘብ

በመሣሪያ ግምጃ ቤት ዕድሜውን የፈጀ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ወታደር ስለ ጥይት ሲጨዋወት የሚያነሣው ስለ ኃይሉ ነው። ምን ያህል ርቀት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚበሳ፣ ትከሻን እንዴት እንደሚመታ ይከራከራል እንጂ፣ «ይህ ጥይት እንዴት ይለዝባል?» ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። እኔም በአገር ቤት ባገለገልሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም። ጥያቄው የቀረበልኝ ከተሰናበትሁ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በአውሮራ ከተማ ሲሆን፣ ጠያቂዋም ባለቤቴ ናት። ጽሑፉን ለቤተሰብ ዓምድ የላክሁትም ስለዚህ ነው።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከእኛ ቀድሞ ወደዚያ አገር የገባና በየዓመቱ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ለማደን ወደ ሮኪ ተራሮች የሚወጣ ሰው ነበር። በእነዚያ ተራሮች ጥቁር ድብ ስለሚገኝ በወገቡ የሚታጠቀው 44 ማግነም ሪቮልቨር ነበረው፤ ይኸውም ስድስት ጥይት የሚይዝ ተሽከርካሪ ከበሮ ያለው፣ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ የሚበልጥ ሽጉጥ ነው። ወንድሟ ሲያርፍ ሽጉጡን ለእኅቱ ተወላት። እርሷ ግን በዚያው ዓመት በበረዶ ላይ ተንሸራትታ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሮ ገና መጠገኑ ነበር። ሽጉጡ ይሸጥ ያሉ ዘመዶች አልጠፉም። «ወንድሜ የተወልኝ በሣጥን ቆልፌ እንዳኖረው አይደለም፤ አንድ ቀን በገዛ እጄ እተኩስበታለሁ» አለቻቸው፤ ነገሩም በዚያው አለቀ።

መጀመሪያ ወደ ተኩስ ሜዳ በሄደችበት ቀን አስተማሪ ነኝ የሚል አንድ ሰው ሙሉ ኃይል ያለውን ጥይት ጎርሶ፣ አንዳች ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ አስያዛት። ሽጉጡ ሲራገጥ አፈሙዙ ወደ ላይ ተወርውሮ ግንባሯን ሊመታት ለጥቂት ሳታት። ሰውየው ሣቀ። አንጓዋ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲጠዘጥዛት ሰነበተ። ጀማሪን በርግጫ አስደንግጦ የሚሥቅን ሰው አስተማሪ ብሎ መጥራት ለእኔ ይከብደኛል፤ በየትኛውም አገር ያለ ሠራዊት ውስጥ ግን እንዲህ ያለው ሰው እንደማይጠፋ አንባብያን ያውቃሉ።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ጥቂት ታሪክ ያስፈልጋል። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1907 44 ስፔሻል የተባለ ጥይት ከአዲስ ሪቮልቨር ጋር አወጣ። ጥይቱ 16 ግራም የሚመዝን የእርሳስ አረር በሴኮንድ 230 ሜትር ገደማ የሚያስወነጭፍ፣ ለእጅ የማይከብድ ነበር። ኤልመር ኪዝ የተባለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1899 እስከ 1984 የኖረ የአይዳሆ ከብት አርቢ፣ አዳኝና ደራሲ ግን በዚህ አልረካም። ለብዙ ዓመታት በዚያው ቀለህ ውስጥ ባሩዱን እያበዛ ሲሞክርና ፋብሪካዎቹን ሲወተውት ኖረ። በመጨረሻም ሬሚንግተን ጥይቱን፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጡን ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1955 ማለቂያ 44 ማግነም ተወለደ። ቀለሁ በአሮጌ ሽጉጥ ውስጥ እንዳይገባ ሆን ተብሎ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ረዘም ተደረገ። የቀድሞው ስፔሻል የሚፈቀድለት ከፍተኛ ግፊት በካሬ ኢንች 15,500 ፓውንድ ሲሆን፣ የማግነሙ 36,000 ነው። አረሩም በሴኮንድ ወደ 450 ሜትር ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 «ደርቲ ሃሪ» በተባለው ፊልም ከታየ ወዲህ ደግሞ፣ ድብ አይቶ የማያውቀው የከተማ ሰው ሁሉ ይህን ሽጉጥ ካልገዛሁ አለ።

እንግዲህ ባለቤቴ የጠየቀችው ኪዝ ሠላሳ ዓመት ያህል ሽቅብ የወጣውን ዳገት ቁልቁል መውረድ ነው። የአረሩ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የርግጫው ጉልበት ወደ ሩብ ያህል ይወርዳል። በዚያ አገር ሰው ለራሱ መተኮሻ የሚሆነውን ጥይት በቤቱ ቢሞላ አይከለከልም፤ ፈቃድ የሚያስፈልገው ለሚሸጥ ሰው ነው። የተተኮሰውን ቀለህ አጽድቶ፣ በመሣሪያ ልኩን አስይዞ፣ በቂጡ ላይ እሳት የምትጭረውን ትንሽ ቆብ ለውጦ፣ ባሩዱን መዝኖ፣ አረሩን መትከል ነው። (ይህ የግል ስፖርት ጉዳይ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ለግዳጅ የታደለውን ጥይት የሚፈታ ወታደር ሊገጥመው የሚገባው የአዛዡ ቁጣ ነው።)

ባሩዱን መቀነስ ቀላል የሚመስለው ለማያውቀው ሰው ብቻ ነው። «ያነሰ ባሩድ ያነሰ አደጋ» የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ሰው አስቷል። ለማግነም የሚሠራው ባሩድ ቀስ ብሎ የሚነድ ነው፤ በደንብ የሚቀጣጠለውም ቀለሁ ሞልቶ ግፊቱ ሲበረታ ነው። ጎደል ሲል አነዳዱ ይዘበራረቃል፤ አንዳንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴም አረሩን ከበርሜሉ ሳያስወጣ መንገድ ላይ ይተወዋል። ኤች 110 የተባለውን ባሩድ የሚሸጠው ኩባንያ ከተጻፈው መጠን በመቶ 3 እንኳ አልፎ እንዳይቀነስ የሚያስጠነቅቀው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ለልዝብ ጥይት ፈጥኖ የሚነድ ሌላ ባሩድ ይፈለጋል። እርሱም የራሱ ወጥመድ አለው። በጣም ጥቂት ስለሆነ ከሰፊው ቀለህ ወለል ላይ ተኝቶ ይቀራል፤ ሞይው ሐሳቡ ተበትኖ በአንዱ ቀለህ ውስጥ ሁለት ጊዜ ቢጨምር እንኳ ሞልቶ አይፈስምና ዓይን አያየውም። እንዲህ ያለው ድርብ ሙሌት የሽጉጡን ከበሮ ሊሰነጥቅ፣ የተኳሹንም ጣቶች ሊወስድ ይችላል።

በእኛ ቤት ጠረጴዛው የተዘረጋው በመኪና ማቆሚያው ክፍል ነው። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ደጃፍ እንዳያልፍ ደንብ አወጣች፤ ልክ ነበረች። እርሳስ መርዝ ነው፤ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። በጠረጴዛው አጠገብ ቡና አይጠጣም፣ ቆሎ አይቆረጠምም። ሥራው ሲያበቃ እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ልብሱም ከልጅ ልጆቻችን ልብስ ጋር አይቀላቀልም። ባሩዱን የምንመዝንበት ሚዛን ከዚያ ክፍል አይወጣም።

ባለቤቴ በአገር ቤት ልብስ ሰፊ ነበረችና ዓይኗ ስሕተት አይወድም። ሥራውን ተካፈልነው፤ እኔ እመዝናለሁ፣ እርሷ ትመረምራለች። አምሳውን ቀለህ በእንጨት ማቆሚያ ላይ በሰልፍ ካቆምን በኋላ አረር ከመተከሉ በፊት በእጅ ባትሪ አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ታያለች። የባሩዱ ከፍታ ከጎረቤቱ ልዩ መስሎ ከታያት ክርክር የለም፤ ይደፋና እንደ ገና ይመዘናል። ከመመሪያው መጽሐፍ ዝቅተኛ ቁጥር በታች አንወርድም። የምንጠቀምበትም አረር ልባስ የሌለው እርሳስ ብቻ ነው፤ መዳብ የለበሰው አረር በዝግታ ሲሄድ በበርሜሉ ውስጥ ተቸንክሮ ሊቀር ይችላልና።

በመጀመሪያው ሙከራ አንድ ነገር ተማርን። ክሮኖግራፍ በተባለው የፍጥነት መለኪያ ፊት ስንተኩስ፣ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቅንተን ቀስ ብለን ያወረድነው እንደ ሆነ አረሩ 245 ሜትር በሴኮንድ ይሄዳል፤ ወደ መሬት አዘቅዝቀን ያነሣነው እንደ ሆነ ግን 215። ባሩዱ ያው፣ አረሩም ያው ነው። ልዩነቱ ባሩዱ ወደ እሳት ጫሪዋ ቆብ ተጠግቶ በመተኛቱና ከእርሷ ርቆ በመተኛቱ መካከል ነው። ባለቤቴ ቁጥሮቹን በደብተር ጽፋ፣ «ይህ ጥይት ስሜቱ ይለዋወጣል፤ አላምነውም» አለች። ከዚያ በኋላ ትሬል ቦስ ወደተባለው ባሩድ ዞርን። እርሱ ለልዝብ ጥይት ተብሎ የተዘጋጀ፣ ቅንጣቱ መሐሉ ተበስቶ ቀለበት የመሰለ፣ ክብደቱ ትንሽ ሆኖ ቦታ የሚይዝ ነው። ቀለሁን ስለሚሞላው ወዲያና ወዲህ አይንከባለልም፤ ሁለት ጊዜ ቢጨመርም ተርፎ ስለሚፈስ ራሱን ያጋልጣል። በአሥር ጥይቶች መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት ወደ 9 ሜትር ወረደ። በኋላ ከየሱቁ እየጠፋ መሄዱ አሳዝኖናል፤ የተረፈንን በቁጠባ ይዘነዋል።

አንድ ቅዳሜ በተኩስ ሜዳው ላይ ከእኛ ቀጥሎ አንድ ወጣት በራሱ እጅ የሞላውን ጥይት ይተኩስ ነበር። ሚስቱም አጠገቡ ቆማለች። አንዱ ጥይት ሲተኮስ የወጣው ድምፅ እንደ ጭብጨባ ያለ ነበረ። ሽጉጡ አልተራገጠም፤ ከዒላማው በስተ ኋላ ካለው የአፈር ክምርም አቧራ አልተነሣም። ወጣቱ ጥይቱ የደከመ መስሎት ቀጣዩን ሊተኩስ ጣቱን በምላጩ ላይ አደረገ። ባለቤቴ ከመቀመጫዋ ተነሥታ በአማርኛ «ቁም! እንዳትተኩስ!» ብላ ጮኸች። ልጁ ቃሉን ባያውቀውም ድምፁን አወቀው፤ እጁም ቆመ። የሜዳው ኃላፊ መጥቶ ሽጉጡን ባዶ ካደረገ በኋላ ቀጭን ዘንግ በአፈሙዙ ቢያስገባ ዘንጉ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። አረሩ በበርሜሉ ውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። ሁለተኛው ቢከተለው ኖሮ በርሜሉ በልጁ እጅ ውስጥ ይፈነዳ ነበር።

የልጁ ሚስት ባለቤቴን አቅፋ ስታለቅስ እኔ የማየው ያጣሁ ይመስል ቀለህ እለቅም ነበር። ኋላ በመኪና ስንመለስ ድምፁን እንዴት እንደለየችው ጠየቅኋት። «አንተ ስትተኩስ ሁልጊዜ እቆጥራለሁ፤ አንድ ድምፅ፣ አንድ አቧራ» አለችኝ። ይህን እንደምታደርግ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

አሁን በ15 ሜትር ርቀት ላይ ስድስቱንም ጥይቶች በአንድ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ስፋት ውስጥ ታሳርፋቸዋለች። አንጓዋም አያማትም። በሽጉጡ ረክታ ወደ ልጆቻችን ቤት ስትሄድ ስለ ወንድሟ ታወራለች፤ እርሱ ካረፈ ወዲህ ሁለት ዓመት ያህል ስሙን ማንሣት አትችልም ነበር።

ልዝቦቹን ጥይቶች ከሙሉዎቹ ለመለየት ሣጥናቸው ላይ ሰማያዊ ፕላስተር ለጥፈናል፤ ባሩዱ፣ መጠኑና የተሞሉበት ቀን በእጅ ጽሑፏ ተጽፎበታል። ወንድሟ በመጨረሻው አደኑ ይዟቸው የተመለሰው 18 የማግነም ጥይቶችም ለብቻቸው በሌላ ሣጥን ተቆልፈው ይገኛሉ። ባሩዳቸውን ፈትተን ቀለሁን እንጠቀምበት ብዬ ብጠይቃት፣ «እነዚያ የእርሱ ናቸው» አለችኝ፤ ቁልፉንም ከኪሷ አላወጣችም።