የአባባ ፊያትና የታክሲው ሞተር

መኪና የማይወድ አንባቢ ይህን ጽሑፍ ቢዘለው አንቀየምም። አባት ያለው ግን ባይዘለው ደስ ይለናል።

ሦስት ነን፤ ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት እህት። አባባ ደግሞ አንድ መኪና አለው፤ ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ፣ እ.ኤ.አ. የ1968 ሥሪት፣ ቀይ፣ ባለ ሁለት በር። የገዛው በ1967 ዓ.ም. ነው። ፋብሪካው የተወረሰበት አንድ ጣልያን ሻንጣውን ሸክፎ ወደ አገሩ ሲመለስ በርካሽ ጥሎለት ሄደ። ጊዜው ግን በቀይ የስፖርት መኪና የሚታዩበት ጊዜ አልነበረም። (ቀዩስ ባልከፋ! ችግሩ ስፖርቱ ነው።) አባባም ጥቂት ነድቶ ሸራ አለበሰውና ግቢ ውስጥ አቆመው። ከዚያ በኋላ ቤንዚን ሲገኝ፣ ደመወዝ ሲተርፍ፣ ልብ ሲረጋ ብቻ ያወጣው ነበር። እኛ ያደግነው ከዚያ ሸራ ሥር ድብብቆሽ እየተጫወትን ነው።

አባባ አሁን ሰማንያን እየተጠጋ ነው። ዓይኑን ግላኮማ እየወሰደበት ስለሆነ መንዳት ካቆመ ቆይቷል። "ቆሞ እንዳይበላሽ እያንቀሳቀሳችሁ" ብሎ ቁልፉን ለእኛ ሰጠን። የበላነው ይህንን አደራ ነው።

አዎ፣ ሞተሩን የገደልነው እኛ ነን። ጥር 2016 ዓ.ም. ጓደኛችን ሲያገባ ለሙሽራ መኪናነት አወጣነው። አጠብነው፣ ዘይት ቀየርንለት፣ አበባ ለጠፍንበት፣ አጠገቡ ቆመን ፎቶ ተነሣን። ቺንጋውን ማን ያስታውሰው? ከቦሌ ወደ መገናኛ ስንሄድ "ጧ!" አለና ሞተሩ ዝም አለ። ሙሽሪት የቀረውን መንገድ በላዳ ታክሲ ሄደች። (ይህችን ላዳ ያዙልን፤ ትመለሳለች።)

ስለ ቺንጋው ትንሽ እናስረዳ። የዚህን ሞተር ንድፍ ያወጣው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ይባላል፤ ፊያት ከመግባቱ በፊት ለፌራሪ ሞተር ይሠራ የነበረ መሐንዲስ ነው። ሞተሩ 1438 ሲሲ ብቻ ሆኖ 90 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። ምሥጢሩ ቴስታታው ላይ ጎን ለጎን የተኙት ሁለት ካምሻፍቶች ናቸው። አንዱ አየርና ቤንዚን የሚያስገቡትን ቫልቮች ይከፍታል፣ ሌላው ጭሱን የሚያስወጡትን። ሁለቱንም የሚያዞራቸው አንድ የጎማ ቺንጋ ነው። ጎማ ደግሞ መኪናው ቢሄድም ቢቆምም ያረጃል። ቺንጋው ሲበጠስ ካምሻፍቶቹ ይቆማሉ፤ ፒስቶኖቹ ግን በያዙት ፍጥነት ይቀጥሉና ተከፍቶ የቀረውን ቫልቭ ይመቱታል። የእኛው ቫልቭ ተሰብሮ ሲሊንደር ውስጥ ወደቀ። ፒስቶኑን በሳ፣ የሲሊንደሩን ግድግዳ ቧጠጠ፣ ቴስታታውን ሰነጠቀ። በጥቂት ብር የሚቀየር ጎማ ነበር።

ሞተሩን ያወረዱልን ሽማግሌ መካኒክ ሥራ የተማሩት ከጣልያኖች ጋራዥ ነው። "ቴስታታው ሄዷል፣ ፒስቶኑ ሄዷል፣ ካንዴላው እንኳ ተጨፍልቋል" እያሉ ሲቆጥሩልን አንድ ነገር ገረመን። ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፤ ጣልያን ቃሉን ሁሉ ትቶልን ሄዷል። ዕቃውን ግን አልተወልንም። ሶማሌ ተራ ገብታችሁ በጣልያንኛ ስም ጠይቃችሁ የጃፓን ዕቃ ይዛችሁ ትወጣላችሁ።

ታዲያ ምን ሞተር ይግባ? እዚህ ላይ ነው አገር ሁሉ መካኒክ የሆነው።

የሶማሌ ተራው ደላላ "ዲዝል ግጠሙበትና ተገላገሉ!" አለን። ያቀረበልን የቶዮታ 2ኤል ነበር፤ 2446 ሲሲ፣ በየሚኒባስ ታክሲው ሥር ስንሰማው ያደግነው። የማይሞት ሞተር ነው፣ እንመሰክራለን። ግን ከባድ ነው። ፊያቷ ደግሞ ሙሉዋ አንድ ቶን አትሞላም። አፍንጫዋ ላይ ያን ያህል ብረት ሲጫን የፊት ሞላዎቹ ይተኛሉ፣ መሪው ይከብዳል፣ መታጠፊያ ላይ እንደ ሚዳቋ የነበረችው እንደ በሬ ትሆናለች።

የሥራ ባልደረባችን ደግሞ "ኮሮላ!" አለ። 4ኤ-ኤፍኢ፣ 1587 ሲሲ፣ 16 ቫልቭ፣ ቁጥብ። ልባችን ሸፍቶ ነበር። ግን ይህ ሞተር በኮሮላው ውስጥ የተኛው በአግድም ነው፤ የሚነዳውም የፊት ጎማዎችን ነው። የእኛ መኪና ሞተር በቁመት ይቀመጥና የኋላ ጎማዎችን ይነዳል። አዙረን እንግጠመው ብንል የኮሮላው ካምቢዮ አያገለግልም፤ ለኋላ ጎማ የሚሆን ሌላ መፈለግ አለበት። ዲስትሪቡተሩ ከኋላ ያለውን ግድግዳ ይነካል። ኮምፒውተሩ፣ ሽቦው፣ ከፍተኛ ግፊት ያለው የቤንዚን ፓምፕ ሁሉ አብሮ ይመጣል። ሞተር ገዛን ስንል ግማሽ ኮሮላ ገዛን ማለት ነው። ግድግዳው ደግሞ መቆረጥ አለበት። በአባባ መኪና ላይ ግራይንደር!

አንድ የአጎታችን ልጅ ኤሌክትሪክ አድርጉት አለ። ምክሩ ቀልድ አይደለም፤ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው የተሰማው እኛ ሙሽራ መንገድ ላይ በጣልንበት ወር ነው። የባትሪውን ዋጋ ስንጠይቅ ግን እህታችን (በቤታችን ሒሳብ የምትችለው እሷ ናት) ወረቀቷን አጥፋ ተነሣች።

የእኛ ልብ የነበረው ሌላ ቦታ ነው። የመጀመሪያውን ሞተር እንደገና ማደስ። የላምፕሬዲ ሞተር ቤተሰቡ ብዙ ነው፤ 1608፣ 1756፣ 1995 ሲሲ እያለ አድጎ በፊያት 131ና 132ም ገብቷል፣ ስለዚህ አውሮፓ ውስጥ ዛሬም ዕቃው ይገኛል። ቴስታታውና ፒስቶኑ ከጣልያን በሰው ሻንጣ ይመጣል፣ ብሎኩ ይታረሳል። ሻንጣ ያለው ሰው እስኪገኝ፣ ብሩ እስኪሞላ፣ ሥራው እስኪያልቅ አንድ ዓመት፣ ምናልባት ሁለት። ሦስታችንም እጃችንን አወጣን። ለበደላችን ካሣ ይህ ነው አልን።

ውሳኔያችንን ለአባባ በኩራት ነገርነው። ዝም ብሎ ሰማን። ከዚያ "እናንተ ልጆች፣ እኔ ስንት ዓመት የምኖር ይመስላችኋል?" አለ።

መልስ አልነበረንም።

"ቢሾፍቱ ሄጄ፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ በልቼ መምጣት ነው የምፈልገው። ትንሽም ብትሆን የምታይ ዓይን እያለችኝ። ሞተሩን እንደሆነ በኋላ አድሱት።"

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። ለካ እስካሁን የምንመርጠው ለራሳችን ጸጸት የሚሆን ሞተር ነበር። "ለመኪናው ክብር የሚመጥነው የቱ ነው?" ስንል፣ መኪናው ማንን፣ ወዴት፣ መቼ ሊያደርስ እንደሆነ አልጠየቅንም ነበር።

በማግሥቱ ሽማግሌው መካኒክ ዘንድ ሄድን። "ጋሼ፣ ግራይንደር ሳይነካት፣ በቶሎ፣ በኋላም ተፈትቶ የሚወጣ ምን አለ?" አልናቸው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ፈገግ አሉ። "እስኪ እንዳትቆጡ" አሉ። "ላዳ።"

ተቆጣን። የፌራሪ መሐንዲስ የሠራውን ሞተር አውጥተን የታክሲ ሞተር? እሳቸው ግን ታሪኩን ያውቁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ፊያት ከሶቪየት ኅብረት ጋር ተዋውሎ ቶሊያቲ ከተማ ላይ ፋብሪካ ተተከለ። በ1970 ከዚያ መውጣት የጀመረው ላዳ አካሉ የተቀዳው ከፊያት 124 ነው። የእኛ ኩፔም የበቀለችው ከዚያው ከ124 ነው። ሩሲያዎቹ ሞተሩን ለራሳቸው ብርድና መንገድ እንደሚሆን አድርገው ቀየሩት እንጂ ቤቱ ያው ቤት ነው። አዲስ አበባን ሰማያዊና ነጭ ለብሳ ስታመላልሰን የኖረችው ላዳ የእኛዋ ቀይ እመቤት የአጎት ልጅ ናት!

ደግሞም ላዳው ካምሻፍቱን የሚያዞረው በጎማ ሳይሆን በብረት ሰንሰለት ነው። ይህችን ስንሰማ ሦስታችንም መሬት መሬት አየን።

ጉልበቱስ? 1452 ሲሲ የሆነው ሞተር 75 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው፤ ከቀድሞው በ15 ያንሳል። ግን እነዚህ ቁጥሮች የባሕር ጠረፍ ቁጥሮች ናቸው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፤ አየሩ ስለሚሳሳ እንዲህ ያለ ሞተር ከጉልበቱ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። ያ የምንፎክርበት 90 ራሱ እዚህ ከ70 ብዙ አይበልጥም ነበር። በቁጥር ስንጣላ የከረምነው ባልነበረን ጉልበት ነው።

ሞተሩንና ካምቢዮውን አንድ ላይ ከአንድ አሮጌ ላዳ ገዛን። ሱፖርቶው ጥቂት ተስተካከለ፣ የማርሚታው ቧንቧ ተቀየረ። የሽማግሌው ሕግ አንድ ነበር፤ "የሚቆረጥ ነገር ካለ ከእንግዳው ይቆረጥ፣ ከባለቤቷ አይቆረጥም።" ሞተር ለመቀየር ለምታስቡ ሁሉ ከዚህ የተሻለ ምክር የለንም። አንድ ብቻ እንጨምር። ሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥር ተጽፏል። ሻጩ የባለቤትነት ወረቀት ከሌለው ሞተሩ ወርቅ ቢሆን አትግዙ። እኛ ከሞተሩ ይልቅ ለወረቀቱ ነው የደከምነው።

መኪናውን ወደ ቤት ያመጣነው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። አባባ በረንዳ ላይ ጋቢውን ለብሶ ተቀምጦ ነበር። በሩ ተከፍቶ ስንገባ ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረና ጮክ ብሎ፣ "ማነው ላዳ ይዞ የመጣው?" አለ።

ወንድማችን መሪውን እንደጨበጠ ቀረ። የምንደብቀው ነገር አልነበረም። "እኛ ነን አባባ" አለች እህታችን።

አባባ ተነሣ። በእጁ እየዳሰሰ መጣ፤ ኮፈኑን ነካ፣ መስታወቱን ነካ፣ በሩን ራሱ ከፍቶ ገባ። እንጨት መሰሉን ዳሽቦርድ ከዳር እስከ ዳር በጣቱ አስኬደበት። ከዚያ ሣቀ። እንዲህ ሲሥቅ ካየነው ቆይተናል።

"ይሁን፤ ታክሲ እንኳ ቢሆን ሒሳብ አትጠይቁኝ" አለ። "ንዱ።"

ዱከምን አልፈን ቢሾፍቱ ገባን። ዓሣውን በላ፤ አጥንቱን እማዬ እየለቀመችለት። ሐይቁን ምን ያህል እንዳየው አልጠየቅነውም።

የቀድሞው ሞተር ሰርቪስ ቤት ውስጥ፣ በዚያው ባደግንበት ሸራ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ፒስቶኖቹ መጥተዋል፤ ቴስታታው ገና ነው። ከሮም የሚመጣ፣ ሻንጣው ያልሞላ ዘመድ ያላችሁ፣ እባካችሁ አስታውሱን። ቺንጋው ግን ተገዝቷል። ሁለት ነው የገዛነው።