ከማባበያው በፊት ክሩን እንይ

ሰመር ሲቃረብ በዋሽንግተን ዙሪያ ዓሣ የሚያጠምዱ ወገኖች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ስለ ማባበያ ነው። የትኛው ቀለም ይሻላል? ፖፐር ነው ወይስ እንቁራሪት? የስንት ዶላሩን ልግዛ? ሁሉም ተገቢ ጥያቄ ነው። ስለ ክር የሚጠይቀኝ ግን ከስንት አንድ ነው። ብዙዎች ሪሉ ሲገዛ ተጠቅልሎበት የመጣውን ወይም ሻጩ «ይሄ ለሁሉም ይሆናል» ያላቸውን ይዘው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። እኔ ግን ባስ የተባለውን ዓሣ ለመያዝ ውሃ ላይ እየተንሳፈፈ ለሚጎተት ማባበያ፣ ከቀለሙም ከዋጋውም በፊት ክሩ መታሰብ አለበት ብዬ በጽኑ አምናለሁ። ምክንያቴ ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

ከውሃው ታች መሬቱ አጠገብ ያለ ዓሣ ሲጠመድ ክሩ መስመጡ ይጠቅማል። ውሃ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ፖፐር በጎድጓዳ አፉ ውሃ ይረጫል፤ ዛራ ስፑክን የመሰለው ረጅም ማባበያ አፍንጫውን ግራና ቀኝ እያዞረ ይሄዳል። ሁለቱም የሚሠሩት አፍንጫቸው ነጻ ሲሆን ብቻ ነው። ከዘንጉ ጫፍ እስከ ማባበያው የተዘረጋው ክር ከሰመጠ ማባበያው በልጓም ወደ ታች እንደተያዘች በቅሎ ይሆናል፤ ብትጎትቱት አይረጭም፣ ብትነቀንቁት አይዞርም። ባሱ የሚመጣው ደግሞ ያንን እንቅስቃሴ አይቶና ሰምቶ ነው።

የሚሰምጠው ክር ፍሎሮካርቦን ነው። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትሩ 1.78 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ውሃ 1 ግራም ነው። ሱቅ ውስጥ «ዓሣው አያየውም» ተብሎ ይሸጣል፣ አባባሉም መሠረት አለው። ብርሃን የሚሰብርበት መጠን 1.42 ገደማ ሲሆን ለውሃው 1.33 ይቀርባል፣ ናይለን ግን ከ1.5 ያልፋል። ጠለቅ ባለና በጠራ ውሃ ይህ ልዩነት ዋጋ አለው። ዓሣው ከታች ሽቅብ ወደ ሰማይ እያየ፣ በሚረጭና በሚናወጥ ውሃ መካከል ላለ ማባበያ ሲሮጥ ግን የክሩ መታየት ከመስመጡ ያነሰ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ለውሃ ላይ ማባበያ ፍሎሮካርቦን አትግዙ። በሳጥኑ ላይ የተጻፈው ምንም ቢሆን።

ሁለተኛው ሞኖ የምንለው ወጥ የናይለን ክር ነው። ናይለን የተገኘው ከእኛ ብዙም በማይርቀው በዊልሚንግተን፣ ደላዌር ነው፤ ዋላስ ካሮዘርስ የመራው የዱፖንት ቡድን እ.ኤ.አ. በ1935 ሠራው። ከውሃ ጥቂት ብቻ ስለሚከብድ (1.15 ገደማ) ቶሎ አይሰምጥም፤ ማባበያው እየተንቀሳቀሰ እስካለ ድረስ ከላይ ይቆያል። ሁለተኛው ጠባዩ መለጠጡ ነው። ብዙ ሰው ይህንን እንደ ድክመት ያየዋል፣ እኔ ግን ትልቁ ጥቅሙ ነው እላለሁ። ባስ ውሃውን ሰንጥቆ ሲወጣ የማይደነግጥ ሰው የለም። እጅ ከአእምሮ ቀድሞ ዘንጉን ይመነጭቀዋል፣ ዓሣው ገና ማባበያውን በወጉ ሳይጎርስ። የማይለጠጥ ክር ያንን ድንጋጤ ሳይቀንስ ወደ መንጠቆው ያደርሰዋል፣ ማባበያውም ከአፉ ወጥቶ ወደ እናንተ ይበራል። ሞኖ ተለጥጦ ቅጽበት ያህል ያዘገየዋል። በዚያች ቅጽበት ዓሣው አፉን ዘግቶ ወደ ታች ይመለሳል።

ሦስተኛው ብሬድ ነው፣ ከቀጫጭን የፖሊኢትሊን ጭረቶች የተጎነጎነው። ክብደቱ 0.97 ስለሆነ በእርግጥ ይንሳፈፋል። ለጥንካሬው ደግሞ ወደር የለውም፤ 30 ፓውንድ የሚችለው ብሬድ ውፍረቱ ከ8 ፓውንድ ሞኖ ጋር እኩል ነው ተብሎ በሳጥኖቹ ላይ ይጻፋል። ርቆ ይወረወራል፣ ዓሣ ከሩቅ ሲመታም መንጠቆውን በደንብ ይተክላል። ችግሩ ልስላሴው ነው። ግራ ቀኝ የሚሄደው ማባበያ እንዲዞር በየመሃሉ ክሩ መላላት አለበት፣ የላላው ብሬድ ደግሞ ወደፊት ተንሸራቶ ከፊተኛው ባለ ሦስት ሹል መንጠቆ ጋር ይጠላለፋል። መፍትሔው ከጫፉ ላይ ግማሽ ሜትር ያህል 20 ፓውንድ ሞኖ መቀጠል ነው። ሞኖው ጠንከር ስለሚል ከመንጠቆው ይርቃል። ለዚህ ቅጥያም ፍሎሮካርቦን አትጠቀሙ፤ አጭር ቢሆንም ከባድነቱ እዚያው ማባበያው አፍንጫ ላይ ነው።

አሁን ወደ ወንዛችን። ፖቶማክ ለአጥማጅ ሁለት ወንዝ ነው። ከዋሽንግተን በታች ውሃው ከባሕሩ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል፤ በማታዎማንና በአኳያ ገባሮች፣ በፖሂክ ቤይ ዳርቻ በሰመር ሣር ይሞላል። ትልቅ አፉ ባስ ያለው እዚያ ነው። ሣሩ ገና ከውሃው ገጽ ሳይደርስ፣ በጧቱና ፀሐይ ስትጠልቅ ከሣሩ ዳር በፖፐር ስታጠምዱ 15 ፓውንድ ሞኖ ይበቃችኋል። ለዛራ ስፑክም 15 ወይም 17 ይሁን። አንድ ሪል ብቻ ያለው ሰው 15 ፓውንድ ሞኖ ይጠቅልልበት፤ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ሣሩ ተጋግሮ ምንጣፍ ሲሆን ግን ሞኖን እርሱት። እዚያ የሚሠራው ባዶ ሆድ ያለው የፕላስቲክ እንቁራሪት ነው፤ ሁለቱ መንጠቆዎቹ ወደ ላይ ዞረው ከጀርባው ስለሚለጠፉ ሣር አይዝም። የሚመታው ዓሣ ወዲያው ሣር ውስጥ ይጠመጠማል፣ ከነሣሩ ነው የምታወጡት። 50 ወይም 65 ፓውንድ ብሬድ፣ ያለ ምንም ቅጥያ፣ በቀጥታ በፓሎማር ቋጠሮ። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በፖቶማክ የታወቀው ስኔክሄድ የተባለው ዓሣ እዚያው ሣር ውስጥ ይኖራል፣ ባለ ጥርስ ነው፣ ቀጭን ክር አይምርም። በብሬድ ስታጠምዱ ዓሣው ሲመታ ቶሎ አትጎትቱ፤ ክብደቱ እጃችሁ ላይ እስኪሰማ ጠብቁ።

ከግሬት ፎልስ በላይ ደግሞ ወንዙ ድንጋያማና ጥርት ያለ ነው፤ የትንሽ አፉ ባስ አገር። ይህ ዓሣ ለፖቶማክ ባዕድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1854 ከኦሃዮ ወንዝ ተፋሰስ ተይዞ፣ በባቡር ተጉዞ ነው እዚህ የተለቀቀው፤ ዛሬ የወንዙ ጌታ ሆኗል። በወገባችሁ ውሃ ውስጥ ቆማችሁ ትንንሽ ፖፐር ትወረውራላችሁ፣ ትንሽ ማባበያ ደግሞ ወፍራም ክር አይጎትትም። በስፒኒንግ ሪል 10 ወይም 15 ፓውንድ ብሬድ ላይ አንድ ሜትር ያህል የ8 ፓውንድ ሞኖ ቅጥያ ጥሩ ነው።

ልጆቻችሁን ለማስተማር ካሰባችሁ በሞኖ ጀምሩ። ብሬድ ጣት ይቆርጣል፣ ሲወሳሰብም ለመፍታት አዋቂን ያስለቅሳል። ሞኖ ዋጋውም ረከስ ያለ ነው፣ በየዓመቱ መቀየር አያሳሳም። መቀየርም አለበት፤ ፀሐይና የጋራዥ ሙቀት ናይለንን ያደክሙታል። ብሬድ ደግሞ ለብቻው ሪሉ ላይ ይንሸራተታልና ከሥሩ ጥቂት ሞኖ ጠቅልሉለት። ከእያንዳንዱ ዓሣ በኋላ የመጨረሻውን አንድ ሜትር በጣታችሁ መካከል አሳልፉት፤ ትንሽ ሻካራ ከተሰማችሁ ቁረጡና እንደገና ቋጥሩ። ቋጠሮውን ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት።

የሚቆረጠው ክር ጉዳይ ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። ለእኛ የጠቀመን ጥንካሬው ውሃ ዳር ሲጣል ወጥመድ ይሆናል። ዓሣ የሚበላው ኦስፕሬ የተባለው አሞራ የተጣለ ክር ለቅሞ ጎጆው ውስጥ ያነጥፋል፣ ጫጩቶቹም እግራቸው ተጠላልፎ ይሞታሉ። ሞኖ በወንዝ ዳር ለዓመታት ይቆያል። በብዙ የጀልባ ማውረጃዎች የተጣለ ሞኖ ለዳግም ጥቅም የሚሰበሰብባቸው የፕላስቲክ ቱቦዎች ቆመዋል፤ ሞኖውን እዚያ ክተቱ። ብሬድ ግን በዚያ መንገድ ዳግም ጥቅም ላይ አይውልም፣ ስለዚህ በአጭር በአጭሩ ቆራርጣችሁ ቤታችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት። የሌላ ሰው ክር መሬት ላይ ካያችሁም እባካችሁ አንሡት።