ማን ይጓዝ?

ውጭ አገር የሚኖር ሐበሻ «ዕረፍት ልወጣ ነው» ሲል አብዛኛውን ጊዜ አገር ቤት ልሄድ ነው ማለቱ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከቤት ቤት እየዞረ ይበላል፣ ያመለጠውን ለቅሶ ይደርሳል፣ ደክሞት ይመለሳል። ለብቻው የሆነ ሰው ይችለዋል። ሕፃን ሲጨመርበት ግን ሌላ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ባልና ሚስት ነገሩን ማውጠንጠን የጀመሩት በመስከረም ነው። ሴት ልጃቸው በየካቲት ሁለት ዓመት ይሞላታል። በአየር መንገዶች ዘንድ ሁለት ዓመት ትልቅ ድንበር ነው። ከዚያ በታች ያለ ልጅ በዓለም አቀፍ በረራ ብዙውን ጊዜ የአዋቂውን ዋጋ 10 በመቶ ያህል ከፍሎ ጭን ላይ ይሄዳል፤ ሁለት ከሞላው የራሱ ወንበር ግድ ነው። ስለዚህ ገናን አገር ቤት ውለው በጥር ሊመለሱ ተስማሙ። ርካሽ መስሏቸው ነበር። ከደለስ አዲስ አበባ 13 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ መራመድ የጀመረች ልጅ ደግሞ ጭን ላይ 13 ደቂቃም አትቆይም። ሲመለሱ ይብሳል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አውሮፕላኑ ለረጅሙ መንገድ የሚበቃውን ነዳጅ ሞልቶ መነሳት ይከብደዋል፤ መንገድ ላይ ያርፋል፤ በስንት እሹሩሩ የተኛች ልጅም ትነቃለች።

የሰዓቱ ልዩነት በክረምታቸው ስምንት ነው። ልጅቷ ሌሊት ነቅታ ቀን ልትተኛ ነው፤ ዘመድ የሚመጣው ደግሞ ቀን ነው። «ተኝታለች» ቢባል የሚመለስ አክስት የለም። ቀስቅሶ ይስማል፣ እትፍ እትፍ ብሎ ይመርቃል። ሚስትየው የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ለማንም እንዳይነገር ፈለገች። ባልየው ሳቀ። ከአሜሪካ የመጣ ሰው በአዲስ አበባ አራት ቀን ተደብቆ አያውቅም።

ሻንጣውን በአጭሩ ማለፍ ይሻላል። ግማሹ ዳይፐር፣ ግማሹ የሰው አደራ ነው፤ የሚቀነሰውም ሁልጊዜ ዳይፐሩ ነው።

ዋናው ጭንቀት ግን ጎንደር ነበር። የሚስትየው ወላጆች ሳሪስ ናቸው። የባልየው እናት ጎንደር ናቸው፤ 78 ዓመታቸው ነው፤ የልጅ ልጃቸውን ያዩት በስልክ ብቻ ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ግጭቱ ከተነሳ ወዲህ በመኪና መሄድ የሚታሰብ አልነበረም። አውሮፕላን አለ፤ አንድ ሰዓት ያህል ነው። የልጅቷ ሐኪም ደግሞ አዲስ አበባ ብቻ ከቆዩ የወባ መከላከያ እንደማያስፈልግ፣ ከዚያ ከወጡ ግን መድኃኒት መጀመር እንዳለባት ተናገረች። ሚስትየው እዚያው ወሰነች፤ ልጅቷ ከአዲስ አበባ አትወጣም። ባልየው ሦስት ቀን ዝም አለ።

ዝምታው ከፍርሃትም ከግትርነትም አልነበረም። ልጅ ወደ አያቱ ይወሰዳል እንጂ አያት ወደ ልጅ አይጠራም። በዚያ ላይ እናቱ ቢመጡ የሚያርፉት በልጃቸው አማቶች ቤት ነው። በሰው ማጀት ተቀምጠው፣ «ይብሉ እንጂ» እየተባሉ፣ ልጅቷን እንደ ልባቸው ማቀፍ እንኳ እያሳፈራቸው። ይህን ለሚስቱ መናገር ቤተሰቧን መንቀፍ ይመስልበታል። አለመናገር ደግሞ እናቱን መተው ነው። እንዲህ ያለው ነገር በየትኛውም የጉዞ መመሪያ አይገኝም፤ ብዙ ባልና ሚስት ግን ቲኬት ከመቁረጣቸው በፊት የሚኳረፉት በዚሁ ነው።

መላውን ያመጣችው ሚስትየው ናት። ሳሪስ ሳይሆን ቦሌ አካባቢ ዕቃ የተሟላለት ባለ ሁለት መኝታ ቤት ለ15 ቀን ይከራዩ አለች። የሷ ወላጆች ይቀየማሉ፤ ቅያሜውን እሷ ትወስደዋለች። እናቱ ሲመጡ ግን የሚገቡት ልጃቸው ቤት ነው፤ ማጀቱም የሳቸው ነው። ወጪው ከልጅ ወንበር ዋጋ በላይ ሆነ። ሁለት ዓመት ሳይሞላት ብለው ያተረፉት ሁሉ እዚያ ገባ።

የቀረው ለእናትየው መንገር ነበር። በዕድሜያቸው አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም። ባልየው እሑድ ጠዋት ደወለ፤ ዙሪያ ጥምጥም ሄደ፤ ስለ ወባ አነሳ፣ ስለ መንገዱ አነሳ፣ የእህቱ ልጅ ይዛቸው እንደምትመጣም ተናገረ።

«እሷን ከዚያ ድረስ ካመጣሃት እኔ ከዚህ አልመጣም?» አሉት። ቀጥለውም ሽሮው ሻንጣ ውስጥ ይግባ ወይስ በእጃቸው ይያዙት ብለው ጠየቁ።