ለጀማሪ ስለሚሆን የምላጭ ዕቃ

በአንድ ቤት ውስጥ ጢሙ ማጎንቆል የጀመረ ወጣት ሲኖር፣ ወላጆች ስለ ትምህርቱና ስለ ጠባዩ ይጨነቃሉ እንጂ ፊቱን በምን እንደሚላጭ ብዙ ጊዜ አያስቡም፤ ነገሩ ትንሽ መስሎ ይታያልና። ልጁም ከመታጠቢያው ዳር ያገኘውን የአባቱን ወይም የታላቅ ወንድሙን መላጫ አንሥቶ ይጀምራል። አንገቱ ላይ ሽፍታ ሲወጣበት፣ ጉንጩም ሲቆስል፣ የዕድሜው ብጉር ነው እየተባለ ይታለፋል። አስኮ ባለው በእኛ ቤት ይህ ጉዳይ ባለፈው ዓመት ተነሥቶ ጥቂት አነጋግሮናልና፣ የመረመርነውንና የመረጥነውን ለአንባቢያን ልናካፍል ወደድን።

አስቀድሞ ግን «ጢም መላጨት ለክርስቲያን ይገባልን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። በቤተ ክርስቲያናችን ልማድ መነኮሳትና ካህናት ጢማቸውን ያሳድጋሉ፤ በኦሪት ዘሌዋውያንም በምዕራፍ 19 ቁጥር 27 ስለ ጢም ዙሪያ የተነገረ ትእዛዝ አለ። በሌላ በኩል ዮሴፍ ከግዞት ቤት ወጥቶ ወደ ፈርዖን ከመግባቱ በፊት መላጨቱን ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 41 ይነግረናል፤ ነቢዩ ሕዝቅኤልም በምዕራፍ 5 ምላጭ ይዞ ራሱንና ጢሙን እንዲላጭ ታዝዟል። ማሳደግና መላጨት የሚያሳስበው ምእመን ከንስሓ አባቱ ጋር ይነጋገርበት፤ እኛ የምንጽፈው ለሚላጨው ነው።

ወጣቱ የእኅታችን ልጅ ሲሆን ዕድሜው 19 ነው። ጢሙ እንደ ብዙዎቻችን ጢም የተጠቀለለ ነው፤ ከጠጕር አስተካካይ ዘንድ ተላጭቶ በመጣ በሦስተኛው ቀን አንገቱ በጥቃቅን እብጠት ይሞላ ነበር። ይህን የሚያመጣው ቆሻሻ ብቻ አይደለም። የተጠቀለለ ጠጕር ከቆዳው ወለል በታች ድረስ ሲቆረጥ ጫፉ ሹል ይሆናል፤ ተመልሶ ሲያድግም ታጥፎ ቆዳውን ይወጋዋል፤ ቆዳውም እሾኽ እንደ ገባበት ሆኖ ያብጣል። ስለዚህ ሁለትና ሦስት ምላጭ በአንድ ላይ የተደረደሩባቸው መላጫዎች፣ የፊተኛው ጠጕሩን እየሳበ የኋለኛው በጥልቅ ስለሚቆርጥ፣ ለእንዲህ ያለው ጢም ብዙ ጊዜ አይስማሙም። አንድ ስለት ብቻ ያለው ምላጭ በጠጕሩ አበቃቀል አቅጣጫ አንድ ጊዜ ቢያልፍበት ይሻላል። እብጠቱ መግል ከያዘ ወይም አልለቅ ካለ ግን ምላጩን ትቶ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ልጁ ይህን ሲረዳ ዓይኑን የጣለው በአያቱ ምላጭ ላይ ነበር። አያቱ፣ ይኸውም የእኛ አባት፣ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የተላጩበት፣ እንደ ሰንጢ የሚታጠፍ፣ እጀታው ከቀንድ የተሠራ፣ በብረቱ ላይ የዞሊንገን ከተማ ስም የተቀረጸበት ምላጭ አላቸው። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ግን ከሣጥኑ አላወጡትም። የልጁ አሳብ በዚሁ ምላጭ መላጨት ተምሮ፣ ለታኅሣሥ ገብርኤል ወደ አስኮ ቅዱስ ገብርኤል ከመሄዳቸው በፊት አያቱን በገዛ እጁ ሊላጫቸው ነበር። አሳቡን ሰምተን ደስ አለን፤ እንዲህ ያለ ልጅ ማን አይወድም? ነገር ግን ሁለት ምክንያቶች እሺ እንዳንል አደረጉን።

አንደኛው ደም ነው። በቀደመው ጊዜ በብዙ ቤት አንድ ምላጭ የሁሉ ነበረ፤ የልጆች ራስ ይላጭበታል፣ ጥፍር ይቆረጥበታል፣ የልብስ ስፌት ይፈታበታል፣ ከዚያም አልፎ የሕፃን እንጥል ይቆረጥበት ነበር። በሀገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. ከታወቁ ወዲህ፣ ስለታም ዕቃን በጋራ መጠቀም አደገኛ መሆኑን ያልሰማ ሰው የለም። ይሁን እንጂ ብዙዎች ትምህርቱን ለጠጕር አስተካካይ ቤት ብቻ የተነገረ አድርገው ወስደውታል። ጠጕር አስተካካዩ አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ ፈትቶ እንዲያሳያቸው ያዛሉ፤ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ግን አባትና ልጅ፣ ባልና ሚስት በአንድ ምላጭ ይጠቀማሉ። ጉበትን የሚያሳምመው የሄፓታይተስ ቢ ተሐዋሲ ከሰው አካል ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ለመተላለፍም ዓይን የማያየው የደም ቅንጣት ይበቃዋል። ስለዚህ በቤታችን ምላጭ እንደ ጥርስ መፋቂያ የአንድ ሰው ብቻ እንዲሆን ወሰንን።

ሁለተኛው የስለቱ ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለውን ተጣጣፊ ምላጭ ለማሠራት የሚበቃ ጥሩ አረብ ብረት በብዛት የተገኘው፣ በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ቤንጃሚን ሀንትስማን የተባለ እንግሊዛዊ በሼፊልድ ብረትን በሸክላ ማቅለጫ ማቅለጥ ከጀመረ በኋላ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1769 ዓ.ም. ዣን ዣክ ፔሬ የተባለ ፈረንሳዊ የምላጭ ባለሙያ፣ ሰው ራሱን በራሱ መላጨት እንዲማር አንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ እስከዚያ ድረስ ሥራው በአብዛኛው የጠጕር አስተካካዮች ነበርና። በኋላም አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጊሌት በ1904 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ስለቱ የሚጣልና የሚተካ መላጫ በስሙ አስመዘገበ። ተጣጣፊው ምላጭ ከየቤቱ የወጣው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሰው ስለት ከመሳል ድካም ዐረፈ። ድካሙም ቀላል አይደለም። ደንዝዞ የቆየ ምላጭ መጀመሪያ በሻካራ ድንጋይ፣ ቀጥሎ በለዘበ፣ በመጨረሻም እንደ መስተዋት በለሰለሰ ድንጋይ መሳል አለበት፤ ሻጮቹ ድንጋዮቹን በቍጥር ከ1,000 እስከ 12,000 ድረስ ይለዩአቸዋል። ድንጋዮቹ ተሰብስበው ከምላጩ ራሱ ይወደዳሉ። በየሰፈሩ እየዞሩ ቢላዋና መቀስ ለሚስሉ ሰዎች መስጠት ደግሞ አይቻልም፤ የሚሽከረከረው ድንጋያቸው ለሥጋ ቢላዋ እንጂ ለቀጭን ምላጭ አይሆንም፤ ብረቱን አግሎ ያበላሸዋል።

በርካሽ የሚሸጡትንም ተጣጣፊ ምላጮች ተመልክተናል። እጀታቸው ያብለጨልጫል፣ ሣጥናቸው ያማረ ነው፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ግን ብረታቸው ለስላሳ ስለ ሆነ ቢሳሉም ስለት አይዙም፤ መልካቸው ምላጭ ነው እንጂ ምላጭ አይደሉም። በዞሊንገን ስም መነገድ በጀርመን ሕግ የተጠበቀ ቢሆንም፣ ስሙ በየትም ሊቀረጽ ይችላልና የገዢ ዓይን በስሙ ብቻ ባይረካ ይሻላል።

እንግዲህ ለልጁ የመረጥንለት ጠጕር አስተካካዮች ዛሬ የሚይዙትን ዓይነት ነው፤ አካሉ የሚታጠፍ፣ ስለቱ ግን የሚለወጥ። የጠጕር አስተካካዮች ዕቃ በሚሸጥባቸው የመርካቶ ሱቆች ይገኛል። ባለ ሁለት ስለቱን የተለመደ ምላጭ ከነወረቀቱ ለሁለት ሰብሮ ግማሹን ማስገባት ነው። ስንገዛ የተመለከትነው ሦስት ነገር ብቻ ነበር፤ ምላጩን የሚይዘው አፍ አጥብቆ መግጠሙን፣ ግማሹ ምላጭ ሲገባ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ መውጣቱን፣ መታጠፊያውም እንዳይላላ መሆኑን። በፕላስቲክ ከተሠራው የብረቱ ይሻላል፤ ክብደቱ እጅን ያረጋጋልና። ሒሳቡም ለተማሪ ኪስ የሚከብድ አይደለም፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚላጭ ሰው እያንዳንዱን ግማሽ ለሁለት ጊዜ ቢጠቀምበት፣ 10 ምላጭ ያለበት አንድ ፓኬት 40 ጊዜ ያስላጨዋል፤ ይኸውም 20 ሳምንት ነው። እውነተኛውን ምላጭ የሚወዱ ሰዎች «በዚህ የተማረ እጅ አይለሰልስም» ይላሉ። ከነገራቸው እውነት አለበት፤ ቀጭኑ ግማሽ ምላጭ ከወፍራሙ ይልቅ ስሕተትን አይታገሥም፣ ጥቂት የተጫኑት እንደ ሆነ ወዲያው ይቆርጣል። ቢሆንም ንጹሕና ርካሽ ስለ ሆነ፣ መሳልም ስለማይፈልግ፣ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላገኘንም።

ቡርሹን ስንመርጥ ያላሰብነው ነገር ገጠመን። በርካሽ ከሚሸጡት የአረፋ ቡርሾች ብዙዎቹ ከአሳማ ጠጕር የተሠሩ ናቸው። ይህ የሚበላ አይደለም ብሎ የሚያልፈው ሰው ይኖራል፤ የልጁ አያት ግን በፊታችን ላይ አይዞርም አሉ፣ እኛም አልተከራከርናቸውም። ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራው በዋጋ የሚቀራረብ ሆኖ ቶሎ ይደርቃል፤ ስለዚህ እርሱን ወሰድን። ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ የእንስሳ ጠጕር ቡርሽ መፍራት እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ ማለት በ1914 እና በ1918 መካከል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በደንብ ባልጸዳ የፈረስ ጠጕር ቡርሽ የተላጩ ወታደሮች በአባ ሰንጋ በሽታ ተይዘዋል።

ሳሙናው ለመላጫ የተሠራ ይሁን። የልብስ ሳሙና ፊትን ያደርቃል፤ የገላውም አረፋ ሳይላጩ ይጠፋል። ከተላጩ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃል፤ ሽቶ የግድ አይደለም።

የአያቱን ምላጭ ጨርሶ አልጣልነውም። አስኮ የጫማ ሥራ የሚታወቅበት ሰፈር ነውና፣ ከአንድ ጫማ ሠሪ ዘንድ ቀለምና ማብረቅረቂያ ያልተቀባ የላም ቆዳ ቍራጭ፣ ስፋቱ 6 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ከቀበቶ ባነሰ ዋጋ ገዛን። ምላጩ በቆዳው ላይ የሚመላለሰው ደንደሱ ቀድሞ ስለቱ እየተከተለ ነው፤ በስለቱ በኩል ቢገፉት ቆዳውም ምላጩም ይበላሻል። ልጁ ይህን በደነዘዘው ምላጭ ይለማመዳል፤ ሲጨርስም አድርቆ የስፌት መኪና ዘይት ጠብታ ቀብቶ ይመልሰዋል፤ አረብ ብረት እርጥበት ካገኘው በአንድ ሌሊት ይዝጋልና።

አላላጩን ያስተማሩት አያቱ ናቸው። በወንበር ተቀምጠው፣ ዓይናቸው ደክሞ ስለ ነበር፣ የሚከታተሉት በጆሮአቸው ነበር። ፊት ለብ ባለ ውሃ ለሦስት ደቂቃ ይለሰልሳል፤ አረፋው ይቀባል፤ ቆዳው በሌላው እጅ ይወጠራል፤ ምላጩም ከፊት ጋር 30 ዲግሪ ያህል ዘንበል ይላል። ማዕዘኑ ሲስተካከል ጥርት ያለ ድምፅ ይሰማል፤ ሲበዛ ይፋቃል፣ ሲያንስ ዝም ይላል። ሽማግሌውም «አቃናው፣ ልጄ» ወይም «እንደዚያ ነው» ይሉታል። ለመጀመሪያው ወር ጉንጩን ብቻ በዚህ እንዲላጭ፣ አገጩንና አንገቱን በተለመደው ባለ አንድ ስለት መላጫ እንዲጨርስ አደረጉት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ደግሞ ሥራው ሁሉ በአንድ ኩባያ ውሃ መፈጸሙ ደስ ያሰኛል።

አያቱን የመላጨቱ ነገር ግን እንዳሰበው አልሆነም። ከልብ ሕመም የተነሣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ፤ የምትከታተላቸውን ነርስ ብንጠይቃት፣ እንዲህ ያለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በተራቈተ ምላጭ መላጨት እንደማይገባው፣ ትንሽ ቍስል እንኳ ደሙ ቶሎ እንደማይቆም አስረዳችን። የስኳር ሕመም ያለበትም ሰው፣ ቍስሉ ስለሚዘገይ፣ ሐኪሙን ሳያማክር ባይጀምር መልካም ነው። ሽማግሌው ይህን በሰሙ ጊዜ «ምላጭ ሳልፈራ የኖርሁ ሰው በማሽን ልከርከም?» ብለው ለሁለት ቀን አኮረፉ። በሦስተኛው ቀን ልጁ አረፋውን እንደ ወትሮው ሠርቶ፣ ፊታቸውን በሙቅ ፎጣ አለስልሶ፣ አረፋውን ጠርጎ ካደረቀ በኋላ ጢማቸውን በማሽኑ አሳጥሮ ከረከመላቸው። ለገብርኤልም በነጭ ነጠላ ተሸፍነው፣ እጃቸውን በልጁ ትከሻ ላይ ጥለው ወጡ። ማሽኑን ግን እስከ ዛሬ አያመሰግኑትም።

ያገለገሉትን ግማሽ ምላጮች በተመለከተ፣ በቤታችን ክዳኑ በማጣበቂያ የታሸገ፣ በላዩ ላይ ቀጭን ቀዳዳ የተበሳ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አለ። ምላጩ በዚያ ቀዳዳ ይገባል፣ ተመልሶ አይወጣም። በየሳምንቱ ቆሻሻውን በጀርባዋ ተሸክማ የምትወስደው ሴት እጅዋን በከረጢቱ ውስጥ ትከታለችና፣ ቆርቆሮው ሲሞላ ከቆሻሻው ጋር ሳንቀላቅል ለብቻው በእጅዋ እንሰጣታለን፣ ምን እንዳለበትም እንነግራታለን።